የሰርካለም ዓሣ

ሰርካለም «ያዘልኝ!» ብላ ስትጮህ፣ ንጋቱ በልቡ «ይበጠስባት» አለ።

በአፉ ግን «አትሳቢ! ተይው ይሩጥ! ዘንጉን ቀና አድርጊ!» እያለ በእርጥቡ ድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ ወደ እሷ ሄደ። ጎህ ሳይቀድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተው ሳንዲ ፖይንት ከደረሱ ጀምሮ የእሱ ዘንግ እንደ ተተከለ ችካል ቀጥ ብሎ ነው የቆመው፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነቀነቀም። የእሷ ይኸው ጫፉ ውሃ ሊነካ ደርሶ ጎብጧል። ክሩ ጢዝዝ እያለ ወደ ትልቁ ድልድይ አቅጣጫ ይተረተራል።

«ንጋቱ፣ ይሄ ዓሣ አይደለም! መኪና ነው የያዝኩት!»

«ዝም ብለሽ ያዢ!»

«ክንዴ ሊገነጠል ነው እኮ!»

«እንግዲያው ስጪኝና እኔ ላውጣልሽ።»

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ የነበረውን ጉጉት ራሱም ሰማው። ሰርካለምም ሳትሰማው አልቀረችም። የዘንጉን እጀታ ሆዷ ላይ ደግፋ፣ እግሯን በሁለት ድንጋዮች መካከል ተክላ፣ ፊቷን ሳታዞር «ሞቼ ልገኝ!» አለችው።

ንጋቱ ክፉ ሰው አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ቤተዝዳ ባለ አንድ ሆቴል የሰው መታጠቢያ ቤት ሲጠግን፣ የተዘጋ ቱቦ ሲከፍት፣ የማይቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ሲያቀዘቅዝ ይሰነብታል። ቅዳሜን ግን ለቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሰጥቷል። አቢጊያ ልጃቸው ገና በእቅፍ ሳለች የጀመረው ነው፤ ዛሬ እሷ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ቋሚ ፍቅሩ አገሬው ሮክፊሽ የሚለው፣ ከጉንጩ እስከ ጭራው ጥቁር መስመር የተሰመረበት ብርማ ዓሣ ነው። በጸደይ ትልልቆቹ ከውቅያኖስ ወጥተው ወደ ወንዞቹ ሊወልዱ ሲጎርፉ ንጋቱ ዳር ቆሞ ያያቸዋል፤ በዚያ ሰሞን ሕጉ የያዙትን ማስቀረት አይፈቅድም። በበጋ ሙቀቱ ዓሣውንም ሰውንም ያደክማል። እውነተኛው ወቅት የአሜሪካው በልግ ነው፤ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ ሮክፊሹ ለክረምት ስብ ሊያጠራቅም ወደ ዳር ሲጠጋ። ያኔ ንጋቱ ንጉሥ ነበር። ስካይላይን ፎቆች ላይ የሚኖሩትም ጀርመንታውን ያሉትም ወዳጆቹ «ዓሣው ንጋቱ» ይሉታል።

ሰርካለም ግን ለብዙ ዓመታት ዓሣውን አላመነችውም። ባል ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ፊቱ ቀልቶ፣ ደስ ብሎት፣ አንዳንዴም ባዶ እጁን ይመጣል። ነገሩን ያቀጣጠለችው ጓደኛዋ ስሂን ናት።

«እኔ የማይገባኝ» አለቻት አንድ ቀን፣ «ዓሣ ሳይዝ የሚመለስ ዓሣ አጥማጅ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ሲይዝ ይውላል?»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ሰርካለምም ዘንዶዋን ልታወጣ ቆርጣ፣ አንድ የጥቅምት ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን እንዳደረገች መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ንጋቱ መኪናውን አስነሳ። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ከመኪናው አልወረደችም፤ በመስታወቱ ውስጥ ስታየው ዋለች። ያየችው አንድ ወፍራም ኮት የለበሰ ሰው ጀርባ ነው። ሰውየው ውሃ ላይ አፍጥጦ ይቆማል፣ ትል ይቀይራል፣ መልሶ ያፈጣል። ከትሎቹ በቀር ከማንም ጋር አላወራም።

ፀሐይዋ ዘወር ስትል በሩን ከፍታ ወደ እሱ መጣች።

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ለዚህ ነው እኔ አንጀቴ ሲያር የከረመው?» አለችና ሳቀች። ጥፋቷን በሳቅ ካደች። ከዚያ ለማስታረቂያ ያህል፣ «እስቲ አምጣው፣ እኔም ልያዝልህ» አለችው። ዘንጉን አቀበላት። ብዙም ሳትቆይ አንድ መካከለኛ ሮክፊሽ መንጠቆዋን ዋጠ።

በመጀመሪያው በልግ ንጋቱ ደስ አለው፤ «ተማሪዬ ናት» እያለ ለሁሉም አወራ። ዘንግ ገዛላት። ትል እንዴት እንደሚሰካ፣ ዓሣ ከመነካቱ በፊት እጅ ለምን እንደሚረጥብ አስተማራት። «ትልልቆቹ ሁሉ ሴቶች ናቸው» ሲላት፣ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ብላ አሳቀችው። በሁለተኛው በልግ እኩል ያዙ። በሦስተኛው እሷ በለጠችው። በሽተኛ ስታገላብጥ፣ አረጋውያን ስታጎርስ የምትውል ሴት ናት፤ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። ትዕግሥቷን ይዛው መጣች። እሱ ክሩን በየደቂቃው ሲሰበስብና ሲወረውር፣ እሷ አንዴ ትወረውርና መዝሙር እያንጎራጎረች ትቀመጣለች። ዓሣው ወደ መዝሙሩ ይሄዳል። ሁልጊዜ እዚያ የሚያጠምድ ክላረንስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ከሩቅ ሲያያት ባርኔጣውን አንስቶ «ካፒቴን!» ይላታል። ንጋቱን ግን ይህን ሁሉ ዓመት አይቶት፣ ከ«ሃይ» አልፎ አያውቅም።

ያኔ ቅናት ገባ። ንጋቱ መጀመሪያ ቅናት መሆኑን አላወቀም፤ ድካም መሰለው። በኋላ ሲብስበት ተንኮል ጀመረ። ጥሩውን ቦታ፣ የድንጋዩን ጫፍ፣ ለራሱ ይይዝና እሷን «እዚያ ነፋሱ ይከብድሻል» ብሎ ወደ ዳር ያስቀምጣታል። ዓሣው ወደ ዳር ሄደ። ያረጀውን ትል ሰጣት፤ ዓሣው ያረጀ ትል ወደደ። ባጎረስኩ ተነከስኩ ብሎ በሆዱ ብዙ ጊዜ አጉረመረመ። እሷ ግን አልነከሰችውም፤ እንዲያውም እሱ የያዘ ለት እንደ ልጅ ታጨበጭብለታለች።

እነሆ ዛሬ፣ ለህዳር ፅዮን አንድ ቀን ሲቀረው፣ በብርዱ ምክንያት ክላረንስ እንኳ በቀረበት ቅዳሜ፣ ሚስቱ ጎብጣ ከባሕሩ ጋር ትታገላለች።

«መረቡን! ንጋቱ፣ መረቡን አምጣ!»

ወደ ውሃው ጠርዝ ወረደ። ዓሣዋ ከጥልቁ ብቅ አለች። ይህን ያህል ዓመት ሲያጠምድ እንዲህ ያለ አልያዘም፤ ሲያዝም በቅርብ አላየም። ጎኗ እንደ ታጠበ ብር ያበራል፤ አፏ ድንች ይውጣል። አንድ ነገር አሰበ። የመረቡን ጠርዝ ትንሽ ዘንበል አድርጎ ክሩን ቢነካው ያልቃል። ማንም አያውቅም፤ ዓሣ ያመልጣል፣ ያለ ነው።

«ንጋቱዬ!» አለች ሰርካለም፣ ድምፏ ሊያለቅስ ደርሶ።

እጁ ከልቡ ይሻል ነበር። መረቡን ከዓሣዋ ራስ በታች አስገብቶ አነሳት።

የበረዶው ሣጥን ክዳን ላይ መለኪያ ተለጥፏል። ሰርካለም እጇን አርጥባ ዓሣዋን ስታጋድማት፣ መለኪያው አለቀ እንጂ ዓሣዋ አላለቀችም። ሕጉ ማስቀረት የሚፈቅደው መካከለኛውን ብቻ ነው፤ ትንሹ ይደግ፣ ትልቁ ይውለድ ይላል። ሁለቱም ያውቁታል።

«ቶሎ ፎቶ አንሳኝ» አለችው ዓሣዋን አቅፋ እየተነሳች። «ስልኬ መኪና ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው። ባንተ አንሳኝ፣ ትሞትብኛለች!»

ንጋቱ ስልኩን አወጣ። በስልኩ መስታወት ውስጥ አያት። ሻርፗ በነፋሱ ተንሳፍፏል፤ ከኋላዋ ድልድዩ ጭጋግ ውስጥ ገብቶ ይታያል፤ ዓሣዋ ከትከሻ እስከ ትከሻዋ ተጋድማለች። ሰርካለም ትስቃለች። አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ማንም እንደማያያት ሰው ትስቃለች። እንዲህ ስትስቅ መቼ እንዳያት ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ደጋግሞ ተጫነ።

ከዚያ ተንበርክካ ዓሣዋን ውሃው ውስጥ አስገባቻት፤ ጭራዋን ይዛ፣ ነፍስ እስክትዘራ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች፣ «ሂጂ እናቴ፣ ሂጂ» አለቻት። ዓሣዋ አንዴ ጭራዋን መታች፣ ውሃ ፊቷ ላይ ረጨችና ጠፋች።

«እስቲ አሳየኝ!» ሰርካለም እጇን በልብሷ እየጠረገች ተንደርድራ መጣች። «አሳየኝ፣ አሳየኝ!»

ንጋቱ ስልኩን ወደ ደረቱ አስጠጋው።

«አልወጣም» አለ።

ያሰበው አልነበረም። ቃሉ ራሱ ወጣ።

«ምን ማለት ነው አልወጣም?»

«ጣቴ ሌንሱ ላይ ነበር መሰለኝ። በብርዱ ደንዝዞ… ጥቁር ብቻ ነው የሚታየው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ሰርካለም ዓሣዋ ወደገባችበት ውሃ ዞራ ቆየች። የሳቁ ቅሪት ፊቷ ላይ ነበር፤ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይሁን» አለች በመጨረሻ። «እኔ አይቻታለሁ። አንተም አይተሃታል አይደል?»

«አይቻታለሁ።»

«በቃ። ምስክር አለኝ።»

ከዚያ በኋላ ንጋቱም ያዘ። መካከለኛ፣ ሕጉ የሚፈቅደው፣ መልከ መልካም ሮክፊሽ። ሰርካለም ዘንጓን ጥላ አጨበጨበች፣ «አንበሳዬ!» አለችው። ከልቧ ነው። ይህ ከሁሉም ይልቅ አቃጠለው።

ሲመለሱ መኪናውን እሱ ነዳ፤ እሷ ለአቢጊያ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አቢ፣ ዛሬ አንቺን የምታክል ዓሣ ያዝኩ!»

«ኖ ዌይ! ማም፣ ፒክቸር ላኪልኝ!»

«ፒክቸር የለም። አባትሽ ጣቱን ሌንሱ ላይ አድርጎ…»

«ዳድ! ሲሪየስሊ?»

«ኢት ሃፐንስ» አለ ንጋቱ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። ውሸት በእንግሊዝኛ ሲሆን ቀለል ይላል።

«ማም፣ አይ ቢሊቭ ዩ» አለች አቢጊያ እየሳቀች። «ግን ሌላ ሰው አያምንሽም እኮ።»

«ለምን አያምነኝም? አባትሽ አለ አይደል? ነገ ማህበር ላይ ይመሰክርልኛል።»

ንጋቱ ሬዲዮኑን ሊከፍት እጁን ሰደደና መልሶ ተወው።

ቤት ገብተው እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እሱ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ያለባት ጠባብ ክፍል ገብቶ በሩን ገፋ አደረገ። ስልኩን ከፈተ። ፎቶዎቹ ሁሉ ጥርት ብለው ወጥተዋል። አንዱማ ፎቶ አንሺ ቤት የተነሳ ይመስላል። ቢያጠፋቸው ነገሩ ያበቃል፤ ውሸቱም እውነት ይሆናል። የቆሻሻ ቅርጫቱን ምልክት ተጫነ። ስልኩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። ንጋቱ የሚስቱን የተጨፈኑ ዓይኖች አየ። ቅናቱ ከዓሣዋ ይሁን፣ ከባሕሩ ይሁን፣ ወይስ እሱ ካላመጣው ሳቅ፣ ለራሱም አልለይ አለው። ይቅር የሚለውን ተጫነና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጸጸት ይዞት አይደለም፤ ቆንጆ ሆናበት ነው።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ድስቶቹን በፎጣ ጠቅልለው የፖቶማክን ወንዝ ተሻገሩ። የህዳር ፅዮን ማህበር ዘንድሮ የደረሰው አሌክሳንድሪያ፣ የስሂን እናት እማማ እታለማሁ ቤት ነው። በዓሉ በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል ሥጋ የለም። ስለዚህ የማህበሩ ድግስ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የንጋቱ ዓሣ ነው፤ ማህበርተኛው ዓመቱን ሙሉ ይጠብቀዋል። የማህበሩ መሪ፣ ሙሴው ጋሼ ወልደአምላክ አንድ ሰሞን «ዓሣ በጾም?» ብለው አኩርፈው ነበር። የሰርካለምን የዓሣ ዱለት ከቀመሱ ወዲህ ግን ጥያቄውን ለሊቃውንት ትተውታል።

ጠበል ተቀመሰ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ዞረ። ዱለቱ፣ ለብለቡና ጉላሹ ቀረበ። ጥቂት ጊዜ የእጅና የአፍ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«ንጋቱ፣ እጅህ ይባረክ!» አለ የስሂን ባል ሀይሉ፣ ጣቱን እየላሰ። «ዘንድሮስ ባሕሩን አራቁተኸው መጣህ።»

«አሜን፣ አሜን» አለ ንጋቱ። እዚህ ድስት ውስጥ ካለው ዓሣ ከትናንቱ በቀር አብዛኛው ሰርካለም በበልጉ የያዘችውና በፍሪዘር የከረመ መሆኑን ያውቃል። ምስጋናው ግን ጣፈጠው። ከዱለቱ ይልቅ ጣፈጠው።

«ዓሣ ካነሳችሁ አይቀር» አለች ሰርካለም፣ የጠላውን ማንቆርቆሪያ አስቀምጣ፣ «ትናንት ምን እንደያዝኩ ልንገራችሁ?» ሁለት እጇን እስከቻለችው ዘረጋች። «ይቺን! እግዜር ያሳያችሁ፣ ይቺን የምታክል!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«ታዲያ የታለች?» አለች ስሂን።

«ለቀቅኳት። ሕጉ አይፈቅድም፣ ከልክ በላይ ናት።»

«እህ!» አለ ሀይሉ። «ያመለጠ ዓሣ እኮ ችግሩ፣ በየቀኑ ያድጋል። ለፋሲካ ዓሣ ነባሪ ትሆናለች።»

«አላመለጠችኝም፣ ለቀቅኳት ነው የምልህ! ንጋቱ አለ፣ ጠይቁት።»

ሁሉም ወደ ንጋቱ ዞሩ።

«ትልቅ ነበረች» አለ።

«ማን ያዛት ታዲያ?» አሉ ጋሼ ወልደአምላክ።

«ዘንጉ እሷ ጋ ነበር…» አለ ንጋቱ። ሊቀጥል ነበር። ሀይሉ ግን ትከሻውን መታ አደረገው።

«ገባኝ፣ ገባኝ! አንተ ታግለህ ታወጣለህ፣ እሷ ዘንጉን ትደግፋለች። ለኔም ስሂን መኪና ስጠግን ባትሪ ታበራልኛለች፤ በኋላ ‘ጠገንን’ ትላለች።»

ሌላ ሳቅ ሆነ። ንጋቱም ሳቀ። ከሰርካለም ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። አልተቆጣችም፤ ትጠብቃለች። አንድ ቃል ብቻ ነው የምትጠብቀው፤ እሱም ያችን ቃል በምላሱ ላይ ይዟት ጠላውን አነሳና ዋጣት። ሰርካለም ባዶ ሳህኖቹን ደራርባ ወደ ማድ ቤት ገባች። የውሃ ድምፅ ተሰማ። ለረጅም ጊዜ አልወጣችም።

እማማ እታለማሁ ከሶፋው ጥግ ሆነው ንጋቱን አዩት።

«ልጄ፣ ሰርኬ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች እማማ። ሳህን እያጠበች ነው።»

«ሳህኑንማ እኛ እናጥበው ነበር» አሉ።

በማህበሩ ልማድ ጽዋው ለቀጣዩ ባለ ተራ ከመሰጠቱ በፊት፣ ለደገሰውና ለበዓሉ ለደከመው ሰው ስሙ ተጠርቶ ይመረቃል። ንጋቱ በየዓመቱ ይመረቃል። በዚያ ምርቃት ያምናል፤ አቢጊያ ዩኒቨርሲቲ የገባችውም፣ ከሆቴሉ ደረጃ ላይ ወድቆ ወገቡ የተረፈውም በዚያ ምርቃት ነው ብሎ ያስባል። ጋሼ ወልደአምላክ ነጠላቸውን አስተካክለው ሲነሱ ሰው ሁሉ ተነሳ፤ ሰርካለምም እጇን እያደራረቀች ከማድ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። መዳፎች ተዘረጉ። እማማ እታለማሁ ተመረቁ፤ አሜን ተባለ።

«ደግሞ ለልጃችን ለንጋቱ» አሉ ጋሼ ወልደአምላክ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «በብርድ በቁር ባሕር ዳር ቆሞ፣ ማህበሩን ላበላው፣ ትልቂቱንም ዓሣ ይዞ በርኅራኄ ለለቀቃት…»

ንጋቱ መዳፉን እንደዘረጋ ቀና አለ። ሰርካለም በሩ ላይ ዓይኗን ጨፍና፣ እሷም መዳፏን ዘርግታለች። ከንፈሯ «አሜን» ሊል ተዘጋጅቷል። ትናንት ዓሣዋን የታቀፉት እጆች ናቸው፤ ክሩ የቆረጠው ቀይ መስመር አሁንም ጣቷ ላይ ይታያል። በሷ ዓሣ ባሏ ሲመረቅ አሜን ልትል ነው።

ንጋቱ አፈረ። ከዚያም በላይ ፈራ። የሰው ምስጋና መስረቅ አንድ ነገር ነው፤ ምርቃት መስረቅ ግን ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «አንዴ ይታገሱኝ። ምርቃቱ የኔ አይደለም።»

ጋሼ ወልደአምላክ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። በምርቃት መካከል ተቋርጠው አያውቁም።

«ትልቋን የያዘቻት ሰርካለም ናት። ብቻዋን ነው የያዘቻት፣ እኔ መረብ ብቻ ነው ያቀበልኩት። የበላነውም አብዛኛው የሷ ነው። ከዚህ ሁሉ የኔ አንዲት ናት።»

ከዚያ ስሂን «ውይ!» አለች ልቧ ተነክቶ። «ሚስት መውደድ እንዲህ ነው እንጂ! ሀይሉ፣ ሰማህ? ተማር!»

«ተምሬያለሁ» አለ ሀይሉ እየሳቀ። «የሌለ ዓሣ ለሚስት መስጠት።»

ሰው ሁሉ በፍቅር አየው። ንጋቱ እውነቱን ተናግሮ ጭራሽ የባሰ ተመሰገነ። ሰርካለም በሩ ላይ እንደቆመች ነው፤ ፈገግ ብላለች፣ ፈገግታዋ ግን ለእንግዳ የሚሰጥ ዓይነት ነው። ቃል እንደማይበቃ ገባው። የሚበቃው ነገር ኪሱ ውስጥ ነበር። እሱን ካወጣ ደግሞ የትናንቱ ውሸት አብሮ ይወጣል፤ ያን የምትረዳው ከዚህ ሁሉ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ስልኩን አወጣ። ፎቶውን ከፈተና፣ ለእማማ እታለማሁ አቀበላቸው።

እማማ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። «በስመ አብ! ይቺን ነው እንዴ? እኔ የሰው ልጅ ያቀፈች መስሎኝ!»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ሀይሉ ብዙ አየውና ለስሂን ሰጣት። ስሂን እልልታዋን ለቀቀችው። ጋሼ ወልደአምላክ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው፣ «ይቺ ልጅ ዳዊት ናት፣ ጎልያድን ነው የጣለችው» አሉ። ስልኩ ከሁሉም ኋላ ሰርካለም ጋ ደረሰ።

ሰርካለም በሁለት ጣቷ ምስሉን አሰፋችው። ራሷን አየች፣ ዓሣዋን አየች። ጠርዝ ጠርዙን ሳይቀር አየችው። አጠገቧ ሰው ያወራል፣ ያቅፋታል፣ ይስማታል፤ እሷ አንገቷን እንዳቀረቀረች ነው። ከዚያ በሰው መካከል አልፋ ወደ ንጋቱ መጣችና፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ፣

«ጣትህ የታለ?» አለችው።

ብርዱን ሊያነሳ ይችል ነበር። ስልኩ በኋላ አስተካክሎት ነው ሊላትም ይችል ነበር፤ ስለ ስልክ ብዙም አታውቅም። ጨፍና የምትስቀው ሴት በእጇ ውስጥ ታበራለች።

«የለም» አላት። «አልነበረም።»

ሰርካለም አየችው። ምን እንዳሰበች ፊቷ አልነገረውም። የሱን ስልክ በራሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ሳበችው።

«ጸጥታ እንግዲህ!» አሉ ጋሼ ወልደአምላክ እጃቸውን እያነሱ። «ከመጀመሪያው ልድገመው። ለልጃችን ለሰርካለም…»

ሰርካለም ከጎኑ ቆማ መዳፏን ዘረጋች። ንጋቱ ስልኩን አልጠየቃትም፤ እሱም መዳፉን ዘርግቶ፣ ከማንም ቀድሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሜን» አለ።